አንድ ክፍል፣ ብዙ መነሻ፦ የተማሪዎች ልዩነትና የክፍል ውስጥ ማስተማር

(በአዲ አርቃይ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪ ወላጆችና ለትምህርት ባለሙያዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

 

ዛሬ የምናገረው ሁላችሁም ስለምታውቁት ነገር ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ልጆች አንድ ዓይነት አይደሉም። ይህን ለመምህር መንገር ለገበሬ ስለ ዝናብ እንደ መንገር ይቆጠራል። ስለዚህ ልዩነት መኖሩን ለማስረዳት አልደክምም። የማነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ከልዩነቶቹ ሁሉ ትምህርቱን በእርግጥ የሚወስነው የትኛው ነው? አንድ መምህር ስልሳ ልጅ ፊቱ ተቀምጦ ስለዚያ ልዩነት ምን ማድረግ ይችላል?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ወሳኙ ልዩነት ልጁ እስከ ዛሬ የደረሰበት ቦታ ነው፤ ማለትም ምን እንደሚያውቅና ከየት ላይ እንደቆመ። እኛ ግን የምናስተምረው መጽሐፉ ከደረሰበት ምዕራፍ ተነሥተን ነው። በዚህ የተነሣ በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ የነበረው ልዩነት በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል። ይህ ማለት ደግሞ ልዩነቱን በከፊል የምንፈጥረው እኛው ነን ማለት ነው። የፈጠርነውን መቀነስም እንችላለን።

«ጎበዝ» እና «ሰነፍ»

ከቃላችን ልጀምር። በአማርኛ «ጎበዝ» ማለት ብርቱ፣ ደፋር ሰው ነው፤ በትምህርት ቤት ደግሞ ውጤቱ ከፍ ያለ ተማሪ ማለት ነው። «ሰነፍ» ማለት ሥራ የሚጠላ ነው፤ በትምህርት ቤት ደግሞ ውጤቱ ዝቅ ያለ ተማሪ ማለት ነው። አንዱ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አጣብቆ ስለያዘ፣ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሁሉ ማንበብ ያልፈለገ ይመስለናል። ውኃ ቀድታ፣ ጥጃ አሥራ፣ ገደል ለገደል ሁለት ሰዓት ተጉዛ የመጣች ልጅ አንድ ዐረፍተ ነገር ማንበብ ስላቃታት «ሰነፍ» ትባላለች። ያቺ ልጅ በቤቷ ከማናችንም በላይ የምትሠራ ናት። ስንፍና የሚለው ፍርድ ምክንያቱን ከመመርመር ስለሚያሳርፈን፣ ስሙን ከሰጠን በኋላ ሌላ ምንም አንጠይቅም።

ከዚህ በተቃራኒ የሚገኝ፣ ነገር ግን እንደዚያው የሚያሳስት አስተሳሰብም አለ። ብዙዎቻችን በሥልጠና ላይ ተማሪዎች «በማየት የሚማሩ»፣ «በመስማት የሚማሩ» እና «በመንካት የሚማሩ» ተብለው እንደሚከፈሉ ሰምተናል። በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አራት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን የሚመለከቱ ጥናቶችን መርምረው፣ ለእያንዳንዱ «ዓይነት» ተማሪ በየዓይነቱ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንዳላገኙ ጽፈዋል። በሥዕል፣ በድምፅና በተግባር አፈራርቆ ማስተማር ለሁሉም ልጅ ይጠቅማል። ልጁን ግን «አንተ የምትማረው በመስማት ነው» ብሎ መመደብ የሚያስገኘው ነገር የለም። ጊዜያችን ጥቂት ነውና ማስረጃ ባለው ልዩነት ላይ እናውለው።

ልዩነቱ እንዴት ይወለዳል?

የአንደኛ ክፍልን እንውሰድ። ዋናው ሥራ ፊደል ማስለየት ነው። ፊደላችን 33 ቤቶች፣ እያንዳንዱ ቤት ሰባት ልጆች አሉት፤ በጠቅላላው 231 ቅርጾች ናቸው። ይህን የሰማ ሰው ከባድ ሸክም ነው ይላል። ነገር ግን በፊደሉ ውስጥ ሥርዓት አለ። ሉ፣ ሙ፣ ሱ ላይ ካዕቡን የምናውቀው ከጎን በተቀጠለች ምልክት ነው። ሌ፣ ሜ፣ ሴ ላይ ኃምሱን የምናውቀው ከእግሩ ሥር በታሠረች ቀለበት ነው። እንደ ሩ እና ፉ ያሉ ከሥርዓቱ የሚያፈነግጡ አሉ፤ ሳድሱም ያስቸግራል። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥርዓቱ የገባው ልጅ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እያንዳንዱን ቤት በቀላሉ ይጨምራል። ሥርዓቱ ሳይገባው ያለፈ ልጅ ግን 231 የማይገናኙ ሥዕሎችን አንድ በአንድ ለመሸምደድ ይገደዳል። ሁለቱ ልጆች በአእምሮ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። የተሸከሙት ሸክም ግን እኩል አይደለም።

እነዚያ ሳምንታት መቼ ነው የሚውሉት? በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከሊማሊሞ ግርጌ ወዲህ ላለው ቆላማ አገር ይህ ዝናቡ የሚያበቃበትና የወባ ትንኝ የሚበረታበት ወቅት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ናቸው። እንግዲህ ፊደል የሚቆጠርበት ወቅት፣ ወባ የሚያተኩስበት ወቅትና አዝመራ የሚሰበሰብበት ወቅት እርስ በርስ ተደራርበዋል። ሦስት ሳምንት የቀረ ልጅ ሲመለስ ክፍሉ ብዙ ቤቶችን አልፏል። መምህሩም ወደ ኋላ አይመለስም፤ ዓመታዊ ዕቅዱ አይፈቅድለትምና።

በዚህ ላይ የዓይንና የጆሮ ችግር አለ። ትራኮማ በክልላችን ሥር የሰደደ የጤና ችግር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከጆሮው መግል የሚፈስስ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ «በ» ይባል «ፐ» አጥርቶ አይሰማም። እንዲህ ያለ ልጅ ችግሩን ራሱ አያውቀውም። ሌሎቹም እንደ እርሱ የሚሰሙ ይመስለዋል።

የቋንቋንም ልዩነት እንይ። አዲ አርቃይ ከጎንደርና ከደባርቅ ወደ ማይ ፀብሪና ወደ ሽሬ በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለች፣ አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን ሲሰሙ የኖሩባት አገር ናት። በቤቱ ትግርኛ የሚሰማ ልጅ በአማርኛ ክፍል ውስጥ የቃላት እጥረት ሊገጥመው ይችላል። ሆኖም ይኸው ልጅ ሌላው የሌለው ሀብት አለው። በአማርኛ «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ» በአነጋገር አንድ ሆነዋል፤ ስለዚህም አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ «ሕግ» እና «ዓመት» በየትኛው ፊደል እንደሚጻፉ በቃሉ ከመያዝ በቀር ምርጫ የለውም። በትግርኛ ግን እነዚህ ድምፆች ዛሬም በአፍ ይለያሉ። መምህሩ ያን ልጅ አስነሥቶ «አንተ ቤት ይህ ቃል እንዴት ይባላል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ጉድለት የተባለው ነገር ለክፍሉ ሁሉ ትምህርት ይሆናል። ልዩነት ሁልጊዜ የሚሞላ ጉድጓድ አይደለም።

በመጨረሻም የዓመታቱን መቋረጥ አነሣለሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እዚህ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ሚሊዮኖች ልጆችን ከትምህርት አራቀ። በ2013 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ሳይቋረጥባት የተማረችው ስንት ዓመት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። አሁን በአንድ ወንበር ላይ ጎንደር ዘመድ ዘንድ ተጠግታ ትምህርቷን የቀጠለች ልጅ፣ ሁለት ዓመት ከብት ስትጠብቅ የቆየች ልጅ፣ እንዲሁም ታላቅ ወንድሟ በቤት ፊደል ያስቆጠራት ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። ሦስቱም በመዝገብ ላይ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የዛሬውን ርእስ አጣዳፊ ያደረገብኝ ይህ ነው። ከዚህ በፊት የነበረው የልጆች ልዩነት ከክፍል ክፍል የአንድ ዓመት ቢሆን፣ የአሁኑ የሦስትና የአራት ዓመት ሆኗል።

ልዩነቱ ለምን ይሰፋል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጆች በተከታታይ ምዘና እየተረዱ ሳይደግሙ እንዲያልፉ መንገድ ከፈተ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ልጅን በስምንት ዓመቱ «ወድቀሃል» ማለት ከትምህርት ያስወጣዋልና። ነገር ግን «ሳይደግሙ ማለፍ» ተግባራዊ ሲሆን «እየተረዱ» የሚለው በብዙ ቦታ ወደ ኋላ ቀረ። ልጁ ክፍል ይቆጥራል፤ ንባቡ ግን ባለበት ይቆማል።

ካናዳ ያስተማሩት ኪት ስታኖቪች የተባሉ የንባብ ተመራማሪ በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን ሂደት በወንጌላዊው ማቴዎስ ስም ጠርተውታል፤ ላለው ይጨመርለታል የሚለውን ቃል በማሰብ። ቀድሞ ያነበበ ብዙ ያነብባል፤ ብዙ ሲያነብብ ቃላት ያገኛል፤ ቃላት ሲያገኝ ንባቡ ይቀልለታል። ያልቻለው ይሸሻል፤ ሲሸሽ የበለጠ ይርቃል። አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ሳይንሱም፣ ኅብረተሰቡም፣ የሒሳብ የቃላት ጥያቄውም በንባብ ላይ የቆሙ ናቸው። ንባብ ያልያዘ ልጅ ሁሉንም አብሮ ያጣል።

ፍጻሜውን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አይተናል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት፣ ሁላችንም «ሪሚዲያል» የምንለውን፣ መስጠት ጀመሩ። ሐሳቡን አልነቅፍም። የምለው ግን ይህ ነው፦ ማካካሻ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ለጥቂቶች ከሚሰጥ ይልቅ በሁለተኛ ክፍል ለሁሉም ቢሰጥ ዋጋው ያነሰ፣ ፍሬው የበዛ ይሆናል።

ሞክረን ያየናቸው መንገዶች

አገራችን በዚህ ጉዳይ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ተጀመረ። በገጠርም በከተማም ያለ ተማሪ እኩል ጥራት ያለው ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ሆኖም ቴሌቪዥኑ በአንድ ፍጥነት ይናገራል፤ ተማሪው «አልገባኝም» ቢለው አይሰማም፤ መምህሩም በመግቢያና በመዝጊያ በተተወለት ጥቂት ደቂቃ ሊያቃናው አይችልም። ለሁሉም እኩል ነገር መስጠት ሁሉንም እኩል አያደርግም።

ቀጥሎ «አንድ ለአምስት» መጣ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው የተሻለው ሌሎቹን እንዲያግዝ ነበር። በተግባር ልምምድ ምልከታ በየትምህርት ቤቱ ስዞር ሁለት ዓይነት ቡድን አይቻለሁ። በአንደኛው ዓይነት የቡድን መሪው ሥራውን ይሠራል፣ አራቱ ይገለብጣሉ፣ መምህሩ አምስት ትክክለኛ ደብተር ያርማል። በሁለተኛው ዓይነት መሪው መልሱን እንዳይናገር ተነግሮታል፤ ሥራው መጠየቅ ነው። መምህሩም መልሱን የሚቀበለው ከመሪው ሳይሆን በዕጣ ከወጣው ልጅ ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ የአንዱ አለመረዳት የሁሉም ጉዳይ ይሆናል። አሠራሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በዝርዝሩ ላይ ነው።

ከአብነት ትምህርት ቤት የምንወስደው

ይህ አገር ለልዩነት እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ መምህር በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሀሁ የሚቆጥረውን፣ መልእክት የሚያነብበውንና ዳዊት የሚደግመውን አብሮ ያስተምራል። ክፍል የሚባል የለም። ልጁ ያለበትን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ አንዱ በስድስት ወር፣ ሌላው በሁለት ዓመት። የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል። በቅኔ ቤትም ጀማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የበሰለው መወድስ ይቆጥራል። ሁለቱም ለአንድ መምህር ያቀርባሉ፤ መምህሩም እያንዳንዱን በልኩ ያርመዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አቡጊዳ ነው። ልጁ ሀሁን በዜማ ሲያወርድ ፊደሉን እያየ ይሁን በቃሉ እያለ መለየት ያስቸግራል። አቡጊዳ ግን ቤቱንም ድምፁንም እያዘለለ ይሄዳል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ። በቃሉ የያዘ እዚያ ይቆማል፤ ያወቀ ያልፋል። ዛሬ በትምህርት ሳይንስ መለያ ምዘና የምንለው ይኸው ነው። ሊቃውንቱ ከማስቀጠላቸው በፊት ልጁ የት እንዳለ የሚያዩበት መሣሪያ ነበራቸው።

በዚያ ሥርዓት ሁሉም ነገር መልካም ነበር አልልም። አለንጋው ይታወቃል፤ ሴቶች ልጆችም በአብዛኛው ከደጅ ቀርተዋል። እኔ ልንወስድ ይገባል የምለው ልጁ ካለበት የመነሣቱን ልማድ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድም ወደዚሁ ያመራል። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በቀን ለተወሰነ ሰዓት በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው አሰባስቦ ያስተምራል፤ በተደጋጋሚ ተመርምሮም ውጤት አሳይቷል። በምዕራብ ኬንያ በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተጀመረ ጥናት፣ ተጨማሪ መምህር ካገኙ 121 ትምህርት ቤቶች ገሚሱ የአንደኛ ክፍል ልጆችን በቀደመ ውጤታቸው ለሁለት ከፈሉ። የተጠቀሙት ከላይ ያሉት ብቻ አልነበሩም፤ ከታች ያሉትም ተጠቅመዋል። ተመራማሪዎቹ ከሰጡት ምክንያት አንዱ መምህሩ ትምህርቱን ለልጆቹ መመጠን መቻሉ ነው።

ምን ይደረግ?

አራት ነገሮችን ላቅርብ። አንዳቸውም የውጭ ገንዘብ አይሹም።

መጀመሪያ፣ እንወቅ። ዓመቱ ሲጀመር እያንዳንዱን ልጅ ለሁለት ደቂቃ ወደ ጠረጴዛችሁ ጥሩ። አሥር ፊደላት ያለ ተራ፣ ከዚያ አምስት ቃላት፣ ከዚያ አራት ዐረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ ያንብብ። ስልሳ ልጅ ቢኖር 120 ደቂቃ ነው፤ ይህም የ40 ደቂቃ ሦስት ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። በዚያው አጋጣሚ ዓይኑንና ጆሮውን እዩለት፤ የሚቸገረውን ከፊት አስቀምጡ፤ ለወላጁም ንገሩ።

ሁለተኛ፣ በቀን ለአንድ ክፍለ ጊዜ መድቡ። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉት ሦስት መምህራን በአንድ ሰዓት ላይ ይስማሙ። አንዱ ፊደል የሚለዩትን፣ አንዱ ቃል የሚያነብቡትን፣ አንዱ አንቀጽ የሚያነብቡትን ይውሰድ። ብዙ ልምድ ያለው መምህር ፊደል የሚለዩትን ይያዝ፤ ከባዱ ሥራ እዚያ ነውና። ሰዓቱ ሲያበቃ ሁሉም ወደ ክፍሉ ይመለስ።

ሦስተኛ፣ ምድቡን አታጽኑት። በየስድስት ሳምንቱ እንደገና መዝኑ፤ የደረሰውን አሳልፉ። ምድብ መሰላል ነው፤ ልጁ የሚወጣበት እንጂ የሚኖርበት አይደለም። ስም ስታወጡለትም «የደካሞች» አትበሉት።

አራተኛ፣ ሌላውን ሰዓት ለሁሉም ክፈቱ። በጋራ ትምህርት ላይ ጥያቄያችሁን ደረጃ ስጡት። ስለ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስታስተምሩ፣ ገና ያላነበበው ልጅ ስለ ዋልያ ያየውን በቃል ይናገር፤ ያነበበው ከመጽሐፉ ሁለት ነጥብ ያውጣ፤ የቀደመው ፓርኩና የከብት ግጦሹ ለምን እንደሚጋጩ ይጻፍ። ርእሱ አንድ ነው፤ ማንም ከውይይቱ አልወጣም።

ሁለት ተቃውሞዎች

«ጎበዞቹ አይጎዱም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከወላጆች ይመጣል። በዛሬው አሠራር እነርሱም እየተጎዱ ነው፤ የሚያውቁትን ሲደግሙ ይውላሉ። በደረጃቸው ሰዓት ግን ከፊታቸው ያለውን ያገኛሉ።

«መጽሐፉን መቼ እንጨርሳለን?» የሚለው የመምህራን ጥያቄ ይከብዳል። ርእሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩ የሚጠይቁት ስንት ምዕራፍ እንደተሸፈነ ነው። ስለዚህ ይህን ለመምህራን ብቻ አልናገርም፤ ከፊት ለተቀመጣችሁት ባለሙያዎችም እናገራለሁ። መምህሩ ስድስት ምዕራፍ ሸፍኖ ከስልሳ ልጅ አርባው ካልተከተለው፣ የሸፈነው ምዕራፉን ብቻ ነው። በቼክሊስታችሁ ላይ አንድ ረድፍ ጨምሩ፦ «በመስከረም ቃል የማያነብቡ ስንት ነበሩ? ዛሬስ ስንት ናቸው?» ይህን ጥያቄ የሚጠየቅ መምህር እነዚያን ልጆች ማየት ይጀምራል። የማይጠየቅ መምህር ደግሞ ቢያያቸውም ጊዜ አያገኝላቸውም።

እናቶችና አባቶች፤ ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አዝመራው ግድ ካላችሁ ልጆቹን ተራ አስገቧቸው እንጂ አንዱን ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ አታስቀሩት። ልጃችሁ ሲመለስም «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «እስቲ አንብብልኝ» በሉት። ራሳችሁ ማንበብ ባትችሉም ልጁ ሲቆምና ሲወርድ ትሰሙታላችሁ።

ከእነዚህ ልጆች ላይ ዓመታት የወሰደባቸው ነገር ከእነርሱ አቅም በላይ ነበር፤ ከእኛም አቅም በላይ ነበር። የሄደውን ዓመት መመለስ አንችልም። ነገር ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፊደል ለመለየት የስድስት ዓመቱን ልጅ ያህል ጊዜ አይፈጅም፤ በአንደበቱ ቋንቋውን ጨርሶታል፤ የሚጎድለው ቋንቋውን ከፊደሉ ጋር የሚያገናኝለት ሰው ነው። በቀን አንድ ሰዓት በልኩ ብንሰጠው ብዙውን መንገድ ሊያካክስ ይችላል። ባንሰጠው ግን ክፍል እየቆጠረ፣ ዝም ብሎ ከኋላ ተቀምጦ፣ አንድ ቀን ይቀራል። መቅረቱንም በመዝገብ ላይ «አቋረጠ» ብለን እንጽፋለን። ያቋረጠው ግን ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት፣ ፊደሉ ሳይገባው ገጹ በተገለጠ ዕለት ነው። ሥራችን ያን ዕለት ማወቅና እዚያ ደርሶ ልጁን መያዝ ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።